ሰዓት መስክሮላቸው ወንበር ያጡ

ሲልቨርስቶን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚነሡበት ሜዳ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዞች የማረፊያውን ዙሪያ መንገድ ለመኪና እሽቅድድም አዋሉት። በፈረንጆቹ 1982 መገባደጃ ላይ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አንድ የ24 ዓመት አየርላንዳዊ እዚያ ሜዳ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም በተቀባች የማክላረን ፎርሙላ ዋን መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ስሙ ቶሚ ባይርን ነው። የዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ስለሆነ ሽልማቱ ይህ ነበር። ገንዘብ የለውም፣ ውልም የለውም፤ መኪናዋን ለጥቂት ዙር መንዳት ብቻ።

የዚያን ጊዜው ሲልቨርስቶን አንድ ዙሩ 4 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረጃጅም ቀጥ ያሉ መንገዶች አሉት፤ ኩርባዎቹም ሰፋፊ ስለሆኑ ፍሬን ብዙ አይነካባቸውም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰዓት የሚቀነሰው በጮሌነት አይደለም። ሌላው ሰው እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል በሚያደርግበት ቦታ እንደረገጡ በማለፍ ነው። ባይርን ወጣ፣ ጎማውን አሞቀ፣ ከዚያ በኋላ መርገጥ ጀመረ። በዚያ ሙከራ መኪናዋን ከቀመሱት ወጣቶች ሁሉ የእሱን ሰዓት የነካ አልነበረም።

ከማክላረን የደወለለት ሰው የለም።

ባይርን ራሱ ከዓመታት በኋላ የሚያወራው ነገር አለ። ከመካኒኮቹ አንዱ፣ የዚያን ቀን የነዳጁ ፔዳል እስከ መጨረሻው እንዳይሄድ ተደርጎ እንደነበር ሹክ ብሎኛል ይላል። እውነት ይሁን የጋራዥ ወሬ ማን ያውቃል። እኔ በበኩሌ ለታሪኩ የሚጨምርለት ነገር አይታየኝም። ፔዳሉ ሞልቶ ቢከፈትም ባይከፈትም ልጁ ፈጣን መሆኑ በቦታው ለነበሩት ሁሉ ግልጽ ነበር።

ስለ ባከነ ችሎታ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናዝነው ሳይታይ ለቀረው ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያየው ኖሮ እንላለን። በመኪና እሽቅድድም ግን ይህ ማጽናኛ አይሠራም። እነዚህ ሰዎች ታይተዋል። በሰከንድ ክፍልፋይ ተለክተዋል፣ ቁጥሩ በወረቀት ሰፍሯል፣ የቡድኑ አለቃም አጠገቡ ቆሞ አንብቦታል። የቀሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኛ ሰው ቀረብ የሚለው ምሳሌ ሩጫ ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሯጭ በላይ ስለማያሰልፍ፣ ሌላ አገር ቢወለድ ሜዳሊያ የሚያመጣ ኢትዮጵያዊ ቤቱ ቁጭ ብሎ ውድድሩን በቴሌቪዥን ያያል። ያም ሆኖ ሯጩ እግሩን የሚነጥቀው የለም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ከተማ ሄዶ ማራቶን ያሸንፋል፤ የቀረበትን ያህል ባይሆንም ይካሳል። የእሽቅድድም ሹፌር ግን እግሩ የሰው ነው። መኪናዋ የቡድኑ ናት፤ ሞተሩ የሌላ ፋብሪካ፣ ጎማው የሌላ ድርጅት፣ በጎኗ የተጻፈው ስም ደግሞ ገንዘቡን የከፈለው ሰው። በፎርሙላ ዋን ደግሞ ከ2017 እስከ 2025 በዓለም ሙሉ የነበሩት ወንበሮች 20 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሚለቀቁት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ አንድም ያልተለቀቀበት ዓመት አለ።

ወደ ባይርን ስንመለስ፣ ማክላረን ለ1983 ኒኪ ላውዳንና ጆን ዋትሰንን ይዞ ነበር። አንዱ በዚያን ጊዜ የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ሌላው በ1982 እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ለዋንጫው ሲታገል የቆየ ሰው። ባይርን የዓለምን ክብረ ወሰን ቢሰብርም የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረም። ይህን ያህሉ የማንም ጥፋት አይደለም።

ጥፋት ከተፈለገ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነው። በዚያው ዓመት በጋ ላይ ባይርን የፎርሙላ 3 ዋንጫውን ገና ሳይጨርስ፣ ቴዎዶር የሚባል ትንሽ የፎርሙላ ዋን ቡድን ጠርቶት ነበር። የቡድኑ ባለቤት ቴዲ ዪፕ የተባለ የማካዎ ነጋዴ ነው። መኪናዋ ከጅራት ሰልፍ የማትወጣ ነበረች። ባይርን ለአምስት ውድድር ተመዘገበ፤ በሦስቱ ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀረ፤ በኦስትሪያና በላስ ቬጋስ ተሰልፎ ሁለቱንም ሳይጨርስ ወጣ። ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጣ፣ አፉ የማይታሰር፣ ለአለቃ ማጎብደድ የማያውቅ ልጅ ስለነበር ከቡድኑም ሰዎች ጋር አልተስማማም። የፎርሙላ ዋን መንደር ጠባብ ነው። በሲልቨርስቶን ቀበቶውን ሲያስር፣ መጥፎ መኪና ላይ የወደቀው ውጤቱና የምላሱ ዝና ቀድመውት ደርሰው ነበር።

ባይርንን ከብራዚላዊው አይርተን ሴና ጋር ማስተያየት የተለመደ ነው፤ ምክንያትም አለው። ሴና በ1981 መጨረሻ ሁሉን ትቶ ወደ ብራዚል ሲመለስ፣ በዓመቱ ትልቁ የፎርሙላ ፎርድ ፌስቲቫል ላይ ቦታውን የያዘው ባይርን ነበር፤ አሸነፈም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሴናም ልክ እንደ ባይርን የአንድ ቀን ሙከራ ገጥሞታል። በ1983 በጋ ዊሊያምስ የተባለው ቡድን ዶኒንግተን ላይ መኪናውን ሰጥቶት፣ የማያውቃትን መኪና በጥቂት ዙሮች ውስጥ የሚያስደንቅ ሰዓት አስመዘገበባት። ዊሊያምስም ለሚቀጥለው ዓመት ወንበር አልነበረውም፤ ሴናን አመስግኖ ሸኘው። ልዩነቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ሴና ከኋላው ሀብታም ቤተሰብ ስላለው የቀረበለትን ሁሉ ወዲያው መፈረም አላስፈለገውም። አማርጦ ቶልማን የሚባል መካከለኛ ቡድን ውስጥ ገባ፤ በ1984 በሞናኮ ዝናብ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። ባይርን ግን ቶሎ መብላት ነበረበት። ወደ አውሮፓ ፎርሙላ 3፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ የኢንዲ መለስተኛ ውድድር፣ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ። አሜሪካ ውስጥ አሥር ውድድር አሸንፏል፤ ዋንጫው አጠገብም ደርሶ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን መኪና የሰጠው አልተገኘም። በ2008 የወጣው የሕይወት ታሪኩ በአገሩ ተወዶ ተነቧል። ሲያወራም እያሳቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ዕድል ያላገኘ ሰው አይሸነፍም። አድናቂ ሁልጊዜ ያልታየውን ውድድር ለወዳጁ ያሸንፍለታል። ዴንማርካዊው ጃን ማግኑሰን በ1994 በእንግሊዝ ፎርሙላ 3 ከ18 ውድድር 14ቱን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ሴና ያንኑ ዋንጫ ሲወስድ ካሸነፈው ይበልጣል። በዚያ ዓመት ቢሰወር ኖሮ ዛሬ ስሙ ከባይርን ጎን እየተነሣ ይታዘንለት ነበር። ግን ዕድሉን አገኘ። በ1997 ጃኪ ስቱዋርት አዲስ ባቋቋሙት ቡድን ውስጥ ገባ፤ ሆኖም ነገሩ አልሰመረም። በ1998 ካናዳ ላይ በሕይወቱ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን የፎርሙላ ዋን ነጥብ አገኘ፤ ከዚያ ውድድር በኋላ ተሰናበተ። ይህን የምለው ሌሎቹን ለማሳነስ አይደለም። በደል ደረሰ ለማለት ሰውየው ሴናን ያህል እንደሚሆን መማል አያስፈልግም። መሞከር ነበረበት፤ ያ ይበቃል።

ዴዚሬ ዊልሰን ደግሞ አሸንፋም አልሆነላትም።

ደቡብ አፍሪካ ብራክፓን ተወልዳ ያደገች ናት። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ አውሮራ የሚባል የአገር ውስጥ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ነበር። ታላላቆቹ ቡድኖች አንድ ዓመት የነዱባቸውን መኪናዎች ሲሸጡ ትንንሾቹ ገዝተው የሚወዳደሩበት ነው። መኪናው እውነተኛ የፎርሙላ ዋን መኪና ነው፤ የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ ግን አይሰጥም። ሚያዝያ 7 ቀን 1980 ብራንድስ ሃች ላይ ዊልሰን በዎልፍ መኪና ወንዶቹን ሁሉ ጥላ አንደኛ ገባች። መኪናዋን ያሰለፈው ያው ቴዲ ዪፕ ነው፤ ሰውየው በገንዘቡ የሚጫወት ቢመስልም ሌላው የማይደፍረውን ሰው መሞከር ይወድ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በየትኛውም ደረጃ የፎርሙላ ዋን መኪና ነድታ ውድድር ያሸነፈች ሴት እሷ ብቻ ናት። በዚያው ዓመት ከአላን ደ ካደኔ ጋር ሆና በሞንዛ የ1000 ኪሎ ሜትር ውድድርና በሲልቨርስቶን የስድስት ሰዓት ውድድር አሸነፈች። በማንኛውም መለኪያ የዓመቱ ትልቅ ሰው ልትባል ይገባ ነበር።

በሐምሌ የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ያሸነፈችበት ብራንድስ ሃች ላይ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ተመዘገበች። ቀደም ሲል ለሙከራ የነዳችው ዊሊያምስ ጥሩ ነበር፤ ለውድድሩ የቀረበላት ግን ያ መኪና አልነበረም። ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ይኸው ብቻ ነው፤ አንድ ምዝገባ፣ ዜሮ ውድድር።

የካቲት 1981 ላይ የቡድን ባለቤቱ ኬን ታይረል በገዛ አገሯ በካያላሚ የሚነዳ መኪና ሰጣት። በዚህ ጊዜ ማጣሪያውን አለፈች። መነሻው ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋባትና ሁሉም ጥሏት ሄደ፤ መንገዱ እርጥብ ነበርና እየለቀመች ወደ ፊት መጣች፤ በመጨረሻ ውድድሩን ሳትጨርስ ወጣች። ቢሆንም የፎርሙላ ዋን ግራንድ ፕሪ የነዳች ሴት ተብላ ልትመዘገብ ይገባት ነበር። ግን በእነዚያ ወራት የእሽቅድድሙ የበላይ አካልና የቡድኖቹ ማኅበር በሥልጣንና በገንዘብ ተጣልተው ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ውጭ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ዊልሰን የነዳችው ሁሉ ከመዝገብ ወጣ። በነገራችን ላይ ያን ቀን ያሸነፈው ካርሎስ ሮይተማን የዓመቱን ዋንጫ በአንዲት ነጥብ ብቻ ለኔልሰን ፒኬ አስረክቧል። ካያላሚ ቢቆጠር ዋንጫው የእሱ ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ የተነሣ ጠብ የዓለም ሻምፒዮኑን ቀይሯል፤ ከኋላ ስለነበረችው ሴት ማን ያስታውሳል።

ታይረል ለሎንግ ቢችም ሊያስነዳት ይፈልግ ነበር፤ ስፖንሰር ይዛ እንድትመጣ ግን ግድ ነበር። አላገኘችም። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሰውየው ማጣሪያውን አላለፈም።

ሰው ስለ ስፖንሰር ሲሰማ የማስታወቂያ ተለጣፊ ይመስለዋል። በትንንሾቹ ቡድኖች ዘንድ ግን ነገሩ የዕለት እንጀራ ነው። ቡድኑ ለሞተርና ለጎማ የሚከፍለውን ግማሹን አንዱ ሹፌር ይዞ ከመጣ፣ ሌላኛው በዙር ግማሽ ሰከንድ ቢፈጥንም ባለቤቱ የሚመርጠው የታወቀ ነው። ግማሽ ሰከንድ ደመወዝ አይከፍልም። ዊሊያምስን የሚያህል ስመ ጥር ቡድን እንኳ በ2010 ብራዚል ላይ ከሁሉ ቀድሞ እንዲነሣ ያደረገውን ኒኮ ሁልከንበርግን በሚቀጥለው ዓመት ለቆ የቬንዙዌላ ነዳጅ ኩባንያ ገንዘብ የያዘውን ፓስተር ማልዶናዶን ወስዷል። ሁልከንበርግ ሌላ ቤት አገኘ እንጂ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

የዊሊ ቲ ሪብስ ጉዳይ ግን በገንዘብ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

ሪብስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የካሊፎርኒያዋ የሳን ሆሴ ልጅ። አባቱም ይወዳደር ነበር። በ1977 እንግሊዝ ሄዶ በመጀመሪያ ዓመቱ የፎርሙላ ፎርድ ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። በ1978 በሻርሎት ከተማ በናስካር የሚነዳው መኪና ተዘጋጀለት፤ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች የሚያመልኩት ውድድር ነው። ሪብስ ከልምምድ ቀረ፤ በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ በተቃራኒው ሲነዳም ፖሊስ ያዘው። መኪናዋን ሌላ ወጣት እንዲነዳት ተሰጠ። ልጁ ዴል ኧርንሃርት ይባላል፤ በኋላ ሰባት ጊዜ የናስካር ሻምፒዮን ሆነ። ሪብስ ዝም ብሎ የተበደለ መልአክ አልነበረም። ጉረኛ ነው፣ ቁጡ ነው፤ ሲያሸንፍ የመኪናው ኮፈን ላይ ወጥቶ እንደ መሐመድ አሊ በእግሩ ይጨፍራል። ነጭ ሹፌር ቢሆን ይህ ሁሉ ለጋዜጣ የሚመች ጠባይ ተብሎ ይወደድለት ነበር ብዬ አምናለሁ። እሱ ግን ጥላቻና ማስፈራሪያ አተረፈበት።

በአሜሪካው የትራንስ አም ውድድር በ1983 በመጀመሪያ ዓመቱ አምስት ጊዜ አሸነፈ፤ በጠቅላላው 17 ድል አለው። ከዚያ በ1986 የብራባም ቡድን ባለቤት በርኒ ኤክልስተን ፖርቱጋል ኢስቶሪል ላይ የፎርሙላ ዋን መኪናውን አስነዳው። የፎርሙላ ዋን መኪና የነዳ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። የዚያ ዘመን ተርቦ ሞተር ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ነዳጁን ሲረግጡት ለቅጽበት ዝም ይልና ድንገት መኪናውን ከኋላ ይገፈትረዋል፤ ኩርባ መሀል ከመጣ መሪው ከእጅ ይወጣል። ሪብስ ይህን ሁሉ ተቋቁሞ መኪናዋን በሰላም መለሰ። የብራባም ትልቁ ስፖንሰር ኦሊቬቲ ነበር፤ የጣሊያን ድርጅት። ለዚያ ዓመት የተፈረመላቸው ሁለቱ ሹፌሮችም ጣሊያናውያን ናቸው፤ ሪካርዶ ፓትሬዜና ኤሊዮ ደ አንጀሊስ። ሁለቱም ፈጣኖች፣ ሁለቱም ውድድር ያሸነፉ ናቸውና በምርጫው የሚነቀፍ ነገር የለም። ችግሩም ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ በቂ ምክንያት አለ።

ሪብስ ወደ አገሩ ተመልሶ አምስት ዓመት ታገለ። በግንቦት 1991 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በማጣሪያው የመጨረሻ ቀን፣ ሞተር እየፈነዳበት ሌላ ሲቀየርለት ውሎ፣ ሜዳው ሊዘጋ ሲቃረብ ወጣ። በአራት ዙር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ገባ። ከ1911 ጀምሮ በተካሄደው ኢንዲ 500 የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ሆነ። መኪናው ቀስ ብሎ እየሄደ ሳለ ከወገቡ በላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ለሕዝቡ ያወዛውዝ ነበር። በውድድሩ ዕለት ግን ሞተሩ ስድስት ዙር እንኳ በቅጡ አላስኬደውም። በ1993 ተመልሶ 21ኛ ወጣ። በፎርሙላ ዋን ጥቁር ተወዳዳሪ ለማየት ግን ዓለም ሉዊስ ሃሚልተንን፣ 2007ን መጠበቅ ነበረበት። ሃሚልተንን ደግሞ ማክላረን ገና በልጅነቱ ካርት ሲነዳ ጀምሮ ወጪውን ችሎለታል። ተሰጥኦው የእሱ ነው፤ ሂሳቡን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ዛሬ ነገሩ ሥርዓት ይዟል ይባላል። ከ2016 ጀምሮ ወደ ፎርሙላ ዋን የሚገባ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ከታችኞቹ ውድድሮች 40 ነጥብ መሰብሰብ አለበት። ገንዘብ ብቻ ይዞ የሚመጣውን ለመግታት የወጣ ደንብ ነው፤ በከፊልም ገትቷል። ነገር ግን ነጥብ ያለው ሁሉ ወንበር ያገኛል የሚል ደንብ የለም። በውድድር ወቅት ትራክ ላይ የሚደረግ ሙከራም ከ2009 ወዲህ በእጅጉ ተገድቧል፤ ስለዚህ እንደ ባይርን አንድ ቀን ሮጦ አገር ማስደነቅ እንኳ ብርቅ ሆነ። ተጠባባቂ ሹፌር የሚባለው ሰው ዓመቱን የሚያሳልፈው ኮምፒውተር በሚያንቀሳቅሰው መለማመጃ ውስጥና በጋራዡ ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ተጠባባቂነት ምን ያህል እንደሚያስተማምን ዳቪዴ ቫልሴኪ ያውቃል። በ2012 ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን የጂፒ2 ዋንጫ ወስዶ በ2013 የሎተስ ቡድን ተጠባባቂ ሆነ። ወቅቱ ሁለት ውድድር ሲቀረው የቡድኑ ሹፌር ኪሚ ራይኮነን ለጀርባ ሕክምና ወጣ። ተጠባባቂ የሚያዘው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ቡድኑ ግን ለነጥብ ሲል ልምድ ያለው ሰው ይሻለኛል ብሎ ሄይኪ ኮቫላይነንን ከውጭ አመጣ። ኮቫላይነን በሁለቱም ውድድሮች አንዲት ነጥብ አላገኘም። ቫልሴኪ በፎርሙላ ዋን ሳይወዳደር ቀረ።

የቴዎ ፑርሼር ታሪክ ደግሞ የጊዜ አለመግጠም ነው። በ2023 ጂፒ2ን የተካው የፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮን የሆነ ሰው ወደዚያው ውድድር እንዳይመለስ ደንቡ ይከለክላል። ወደ ላይ እንዳይወጣ ደግሞ የ2024 ወቅት በፎርሙላ ዋን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሹፌር ሳይቀየር የጀመረ ወቅት ሆነ። በር አልተዘጋበትም፤ የሚከፈት በር አልነበረም። አሜሪካ ሄዶ በኢንዲካር የተጎዳ ሹፌር ተክቶ ጥቂት ውድድር ነዳ፤ በሰኔ ላይ ያም ወንበር ለሌላ ተሰጠ። የ2022 ሻምፒዮን ፌሊፔ ድሩጎቪችም ሦስት ዓመት በአስተን ማርቲን ተጠባባቂ ሆኖ ኖሮ በመጨረሻ ወደ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ውድድር፣ ወደ ፎርሙላ ኢ ተሻገረ።

አሁን ቡድኖች ለጀማሪዎች በዓመት ጥቂት የዓርብ ልምምዶች እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ከ2025 ጀምሮ ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ጊዜ። አንዱ ልምምድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ኢንጂነሩ በጆሮ ማዳመጫው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን እንዳትጋጭ። እንዲህ ታዝዞ የሚወጣ ልጅ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማን ሊያውቅ ይችላል? ደንቡ የወጣው በቅን ልብ ነው፤ ከሲልቨርስቶኑ ሽልማት ግን ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

በ2026 ካዲላክ 11ኛ ቡድን ሆኖ ሲገባ ወንበሮቹ 22 ሆኑ። ለዓመታት ያልታየ ነገር ነው፤ ሁለት ባዶ ወንበር፣ ማንም ሳይባረር። ቡድኑ አዲስ ስለሆነ ልምድ ያስፈልገኛል ብሎ ሰርጂዮ ፔሬዝንና ቫልተሪ ቦታስን ቀጠረ፤ ለሁለቱ 16 ድልና ከ500 በላይ ውድድር ተቆጥሮላቸዋል።